ሸሚዝህን አውልቅ

እዚህ፣ ከምድር ጫፍ፣ በፑንታ አሬናስ፣
መንገድ ዳር ገመድ አለ፣ ሰው የሚይዘው ሲነፍስ።
አሮጊት ትሻገራለች ገመዱን ጨብጣ፣
ነፋሱን በግንባሯ እየገፋች፣ ጎብጣ።
ከመሻገሪያው ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጥኩ ቆዳ ሳይ።

ትምህርቴን የጨረስኩ ዕለት፣ ያኔ በሳንቲያጎ፣
"ቆዳ?" አለኝ ጓደኛዬ፣ እሱ ልብን ፈልጎ፤
"ጥሩ መርጠሻል፤ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ የለም፤
በሽተኛሽ አይሞትም፣ ደግሞም አይድንም።"
ሳቅን። ወይን ቀዳልኝ። መልስ አጥቼ ጠጣሁ፤
ቀልዱን ከሻንጣዬ ጋር ይዤው ወደዚህ መጣሁ።

ዶሚቲላ መጣች ከሸርጣን ፋብሪካ፤
ጣቶቿን ሰነጣጥቆ፣ ጨው ያስገባባት ለካ
ሸርጣኑ አልነበረም፤ የጎማ ጓንቷ ነው፣
ይጠብቀኛል ብላ ስታጠልቀው የኖረችው።
በሁለተኛው ወር እጇን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፣
አዲስ ቀለበት እንዳላት፣ ግራ ቀኙን አሳየች።

ኢቮ መጣ፤ አሥራ ስድስቱ፤ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ።
"ቸኮሌት ነው" አለች እናቱ፣ "ፊቱን አለመታጠቡ።"
ወደ ውጪ ላክኋት። በሩ ሲዘጋ ጠየቀኝ፦
"ሴት ልጅ ትስመኛለች?" ብዕሬን ይዤ አሳቀኝ፤
ወዲያው አሳፈረኝ፤ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤
ለሱ የሚሆን ቅባት በየትም ፋርማሲ የለም።
"ለብጉሩ ሦስት ወር ታገሠኝ" አልኩት።
ታገሠኝ።

ሰባት ሆነው መጡ፣ ሌሊት ሲያኩ የሚያድሩ፣
ቀን ቀን "ከማን ተጋባ" እየተባባሉ የሚማረሩ።
"እከክ ነው። ሁላችሁም በአንድ ሌሊት ተቀቡ፤
አንሶላውን ቀቅሉ፤ ማን ጀመረ ብላችሁ አታስቡ።"

በቀን ሠላሳ ሰው። ችፌ፣ ቋቁቻ፣ ፎረፎር።
ደብተሬ ሞላ፤ ልቤ ግን "ቀላል ሥራ" ይለኝ ነበር።

ኡባልዶ በግ ሸላች ነው። በየጥቅምቱ፣ በጸደይ፣
"ዶክቶራ፣ ይቺን ጣቴን" ይለኛል፣ "እስቲ እይ።"
አሥራ አንድ ዓመት መዳፉን እንደ ጸሎት መጽሐፍ
አነበብኩት፣ ጭርቱን፣ ኪንታሮቱን አንድም ሳላልፍ።
የልጁን ሰርግ አወጋኝ፤ የቀንድ ማበጠሪያ ሠራልኝ፤
ጀርባውን ግን አላየሁም። እሱም "እዪልኝ" አላለኝ።

ሰማዩ እዚህ በጸደይ ይሳሳል፤
ፀሐይ ሳትሞቅ ታቃጥላለች።
ሸላቾች ሸሚዝ አውልቀው ይጎነበሳሉ፤
ሐኪማቸው ያላየችውን እሷ ታያለች።

አንድ ቀን ሚስቱ ይዛው መጣች፤ ሸሚዙ ላይ ደም አይታ።
በትከሻዎቹ መሃል፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተቀደደ ካርታ።
"እሱ እንኳ የቆየ ነው" አለ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፤ "ልጅ ሆኜ
እናቴ 'ማርያም የሳመችህ' ትለኝ ነበር።"

ማርያም የሳመችውን ቦታ በምላጭ ቆረጥኩት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
ዘግይቶ የመጣ እጅ ቢንቀጠቀጥስ ለማን ይጠቅማል?
ሥሩ ሳንባው ውስጥ ነበር።

በሚያዝያ ቀበርነው። አበባውን ነፋስ ወሰደው።
በዚያው ዕለት ለልብ ሐኪሙ ጓደኛዬ ስልክ ደወልኩ፤
ከእንቅልፉ ተነሣ።
"ሌሊት እኮ ነው" አለኝ።
"አውቃለሁ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ፣
ለፎረፎርም ይምጣ፣ ለእግር ጣት ፈንገስ፣
ወንዱም ሴቱም ከወገቡ በላይ ሳላየው አይመለስ።
ዛሬ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ፊቱ ቀልቶ ተቆጣ፦
"ሴትዮ፣ ለአውራ ጣቴ ጥፍር አይደለም ወይ የመጣሁ?"
ጥፍርህን አየሁት፤ መድኃኒቱን ጽፌዋለሁ።
መስቀያው እዚያ ነው፤ ከሸሚዝ ብዛት ዘሟል፣ ቀስ ብለህ ስቀል።
እኔም እጄን ማሞቂያው ላይ ላሙቅ፣ እንዳይቀዘቅዝህ።

አሁን ዙር።